ተጭኖ የተለካው ፒክአፕ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአስፋልቱ ቁልቁለት ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ፣ አንድ ነጭ ፒክአፕ ከመንገድ ወርዶ አራት ጎማውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተገኘ። መጀመሪያ የደረሰችው ኮረብታው ላይ የወተት ላሞች የምታረባ ሴት ነበረች። እሷ ስትደርስ የፊት ጎማዎቹ ገና ቀስ እያሉ ይዞሩ ነበር። የክትባት ማቀዝቀዣው፣ የውሃ በርሜሉና የከብት ማቆሚያው ብረት ሜዳው ላይ ተበትነዋል። ከመሪው ኋላ የነበረችው የአካባቢው የከብት ሐኪም ናት። ሕይወቷ አልፏል።

ኢንስፔክተሯ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው መንገዱን በእግሯ መውጣት ነበር። ስለ መኪና የምታውቀው በሩ ሲከፈትላት መግባትን ብቻ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ፖሊስ ሆና መንጃ ፈቃድ አላወጣችም፣ ይህንንም አትደብቅም። መንገድ ማንበብ ግን ትችላለች። አስፋልቱ ላይ ረጅም ጥቁር የፍሬን መስመር አለ። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ መስመሩ አልታጠፈም፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሣሩ ውስጥ ገብቷል።

«ፍሬን ይዛለች» አለች ለሳጅኑ። «መሪው ግን እምቢ ብሏታል።»

የትራፊክ ቴክኒክ ባለሙያው ሥራ ቀሎታል። የመኪናው ሆድ ወደ ላይ ስለሆነ ለአንዴ እንኳ መሬት ላይ መንጋለል አላስፈለገውም። ቆሞ በእርሳሱ አመለከታት።

«መሪና ጎማ ተፋተዋል። ይኸውልሽ፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ይህ ነው። መሃሉ ላይ ቱቦ አለ። ቱቦው ሲዞር ዘንጉ ይረዝማል ወይ ያጥራል። ከተስተካከለ በኋላ እንዳይዞር በዚህም በዚያም በፋሼታ፣ ማለት በቡሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ ብረት፣ ይታሰራል። ቱቦው ከአንዱ ጫፍ ጨርሶ ወልቋል።»

«ተሰብሮ ነው?»

«ተሰብሮማ ቢሆን በማን እንፈርዳለን? ተፈቶ ነው። ደግሞ መኪናይቱ ከፍ ተደርጋለች፤ አካሏን የሚሸከመው ባሌስትራ አዲስና ረጅም ነው። እንዲህ የተነካካ መኪና ጎማው እንደገና ካልተስተካከለ አይነዳም። የነካው ሰው ደግሞ አለ።»

ሰውየው ከመኪናው ኪስ ውስጥ በነበረ ወረቀት ተገኘ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የጎማ አላይመንት፣ ከሥሩም የተንጋደደች ፊርማ።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቀጤ ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ «ቀጥ አድርጌዋለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስላልሰማባቸው ነው። ጋራዣቸው አንድ ጉድጓድ፣ አራት የብረት ማቆሚያና ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የጥጥ ክር ያለበት ጠባብ ቤት ነው። በክሩ መኪናውን ከግራና ከቀኝ ወጥረው፣ በብረት ማስመሪያ ከጎማው ጋር ያለውን ርቀት ይለካሉ። ጥግ ላይ በእጃቸው የሰፏቸው የአሸዋ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዱ ላይ ሃያ፣ አርባ፣ ሃምሳ የሚል ቁጥር ተጽፏል።

ኢንስፔክተሯ የሐኪሟን መሞት ስትነግራቸው ሽማግሌው ከጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ቅዳሜ እዚህ ነበረች» አሉ። «ሻይ አብረን ጠጣን።»

«ዘንጉ ላይ ያለውን ቡሎን ማን አጠበቀው?»

«እኔ። ከኔ ሌላ ማን ይነካዋል? አጥብቄም በነጭ ቀለም አሰመርኩበት፤ ከቡሎኑ እስከ ፋሼታው አንድ መስመር። ቡሎኑ ፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ መስመሩ ይሰበራል።»

«ፋሼታዎቹ ላልተው ነው የተገኙት፣ ጋሽ ቀጤ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈትቷቸዋል» አሉ። ይህን ያልተናገረ ተጠርጣሪ ደግሞ ኢንስፔክተሯ እስካሁን አላጋጠማትም። ስለዚህ ደብተራቸውንና ቁልፎቻቸውን ሰብስባ፣ እሳቸውንም ይዛ ሄደች። ጋራዡ ታሸገ። ሽማግሌው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማኅተም ዞር ብለው አዩትና «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ።

በማግስቱ የሐኪሟ ታናሽ ወንድም ጣቢያው ገና ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የመስኮትና የበር ብረት በያጅ ነው። እጁ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ። ባሌስትራውን የቀየረው እሱ ራሱ መሆኑን ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ጭቃው ውስጥ እየተቀረቀረች ስትቸገር አሳዘነችኝ። በገዛ እጄ ከፍ አደረግኩላት። ከዚያ ጎማውን ኮምፒዩተር ያለው ጋ አስተካክዪው ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች! ‹ጋሽ ቀጤ ያውቃል› አለች። ዐይኑ የማያይ ሽማግሌ፣ በክር! በክር ሰው ገደለ!»

«ቁጭ በል፣ ወንድሜ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አልቀመጥም። እናቴ ቁጭ ብላለች፣ እሷ ትበቃለች። እኔ የምፈልገው ያ ሰው እዚያው እንዲበሰብስ ነው።»

ረቡዕ ጠዋትም መጣ፤ ጠዋት ጮኸ፣ ከሰዓትም ተመልሶ ጮኸ። ኢንስፔክተሯ አልተቆጣችውም። ሐዘን በየሰው ቤት በየመልኩ ይገባል፤ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ይጮኻል። ዐቃቤ ሕጉም ዐርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገቡን እንድታስረክብ ነግሯታል፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሽማግሌው ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከተፈረደባቸው ከዚያ በኋላ ቁልፍ የሚጨብጡበት ዕድሜም ሆነ መኪናውን የሚያምናቸው ሰው አይኖራቸውም።

ረቡዕ ከሰዓት የቴክኒክ ባለሙያው ሪፖርቱን ይዞ ሲመጣ ወንድምየው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ኢንስፔክተሯ ይስማ ብላ ተወችው።

«ዘንጉም ጥርሱም ደህና ነው» አለ ባለሙያው። «ከሁለቱ ፋሼታዎች አንደኛው ግማሽ ድረስ ጠብቋል፤ ሁለተኛው ጨርሶ በጣት የሚዞር ነው። ቱቦው በእያንዳንዱ ጉድጓድ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ጥቂት ሲዞር ሄዶ ወልቋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።»

«ነጩ መስመርስ?»

«አለ። ግን ተሰብሯል። ግማሹ ቡሎኑ ላይ፣ ግማሹ ፋሼታው ላይ ነው፤ አይገናኙም። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ የቡሎኑ ማዕዘኖች ተልጠዋል። የሽማግሌው ቁልፎች ሁሉ ቀለበት ናቸው፤ ልክ ስለሆኑ አይልጡም። ይህ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት።»

«ታዲያ ከሳቸው በኋላ ሌላ ሰው ነክቶታል።»

«እኔ ብረቱን ነው የማነበው። ሰውን ማንበብ ያንቺ ሥራ ነው።»

ወንድምየው ከወንበሩ ተነሣ። አልጮኸም። «ልሂድ፣ እናቴ ብቻዋን ናት» ብሎ ወጣ።

ጠላት ፍለጋ ተጀመረ። ሁለት ጠላት ወዲያው ተገኘ፤ ጠላት እንደሆነ የፈለገው አያጣውም።

የመጀመሪያው ከጋሽ ቀጤ ጋራዥ ማዶ ኮምፒዩተር ያለው አላይመንት ቤት የከፈተው ጎልማሳ ነው። ስምንት ዓመት ሽማግሌው ጋ ሠርቶ ተጣልቶ የወጣ ነው። ቅዳሜ ሐኪሟ ማዶ ስትገባ አይቶ «ይህ ሽማግሌ አንድ ቀን ሰው ይገድላል» ማለቱን ሦስት ሰው መስክሯል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ነጭ ካፖርት ለብሶ የማሽኑን መስታወት ይወለውላል።

«ብያለሁ» አለ ሳያመነታ። «ገበያዬን ሲወስድብኝ ምን ልበል? ልመርቀው?»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ማሽኑ ተበላሽቶ ጠጋኝ አስመጥቼ ከጠዋት እስከ ማታ አብረን ነበርን። ሰውየውን ልጥራልዎት።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «እውነት ልንገርዎት? የሽማግሌው ቡሎን ሲላላ አይቼ አላውቅም። በሚያጠብቅበት ጊዜ ያናገረው ሰው ይሰደባል። የተጣላነውም በዚህ ነው፤ እኔ ወሬ እወዳለሁ።»

ጠጋኙ ተጠራ፣ ቃሉም አንድ ሆነ።

ሁለተኛው ከብት ነጋዴው ነው። ሐኪሟ የታመሙ ከብቶቹን አላሳልፍም ብላ ወረቀት ከልክላዋለች፤ እሱም ሰው በተሰበሰበበት «ዋጋሽን ታገኛለሽ» ብሏታል። ሆዱ ከበሩ ቀድሞ የሚገባ፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«እመቤቴ፣ እኔ እኮ ስናደድ የማልለው የለም። ሚስቴን በቀን ሦስት ጊዜ እፈታታለሁ፤ ይኸው ሠላሳ ዓመታችን ነው።»

«እሑድ ዕለት?»

ነጋዴው የሩቅ ከተማ የከብት ገበያ የሚዛን ወረቀቶች አወጣ። ከረፋዱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አሥራ ሰባት በሬ፣ የሚዛን ቤቱ ሰዓትና ማኅተም ያለበት። ቅዳሜ ማታም የሄደው በሕዝብ አውቶቡስ ነው፤ ትኬቱም አለ።

«ደግሞስ» አለ፣ ሳቁ ጠፍቶ፣ «የመኪና ሆድ ውስጥ ገብቼ የምወጣ ይመስልዎታል? ይህን ይዤ?» ሆዱን መታ አደረገ። «ሐኪሟ ጎበዝ ነበረች። ከብቶቹ በኋላ ሞቱ፤ ልክ ነበረች።»

ኢንስፔክተሯ ሲወጡ ለሳጅኑ «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» አለች። «እኛ ከቅርንጫፉ ላይ ነው ያለነው። ፒክአፑ ቅዳሜ ማታ የት አደረ?»

«እናቷ ግቢ ውስጥ። እሑድም ከሰፈሩ አልወጣም። በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉን እናትየው አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት። ሰኞ ማለዳ ጎረቤቶች ዕቃውን ጭነውላት ሄደች።»

«ጭነውላት? ታዲያ እሑድ ወርዶ ነበር ማለት ነው?»

«ጭቃ ሆኖባት ልታጥበው አወረደችው ይላሉ።» ሳጅኑ ከኪሱ ኦቾሎኒ እያወጣ ይቆረጥማል። «አለቃ፣ አንድ ነገር አስተውለዋል? ጯሂው ልጅ ዛሬ አልመጣም።»

ሐሙስ ነበር። እውነትም አልመጣም።

ማታ ላይ ኢንስፔክተሯ የጋሽ ቀጤን ደብተር ከፈተች። ጠባብ፣ ዘይት የነካው፣ በእርሳስ የተጻፈ ነው። የቅዳሜው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የከብት ሐኪሟ ነጭ ፒክአፕ። ባሌስትራ የተቀየረ። ተጭኖ የተለካ፣ አራት መቶ ኪሎ። ለባለቤቷ ተነግሯል።»

ደብተሩን ይዛ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄደች። ሽማግሌው አልተኙም።

«ተጭኖ የተለካ ማለት ምንድነው፣ ጋሽ ቀጤ?»

«እኔ ሰው መኪና ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ትጭናለህ ብዬ ነው የምጠይቀው። እሷ ማቀዝቀዣ፣ በርሜል፣ ብረት ትጭናለች። ሁልጊዜ። ስለዚህ የዚያን ያህል ከረጢት ጫንኩበትና ለካሁ። ኮምፒዩተሩ ባዶ መኪና ይለካል፤ ባዶ መኪና ደግሞ ማንም አይነዳም።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

ሽማግሌው ወደ ሳጅኑ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ኦቾሎኒህን ተወው። ክንድህን ዘርጋና መዳፍህን ግድግዳው ላይ ለጥፍ። ጎበዝ። አሁን መዳፍህን ሳታነሣ በእግር ጣትህ ቁም።»

ሳጅኑ ቆመ። ሰውነቱ ሳይወድ ወደ ግድግዳው ተሳበ።

«አየሽ ልጄ? ግድግዳው ጎማው ነው፣ ክንዱ ዘንጉ ነው፣ ትከሻው መሪው ነው። ቁመቱ ሲቀየር ክንዱ ትከሻውን ይጎትተዋል። ጭነት ሲወጣና ሲወርድ የመኪናው ቁመት ይቀየራል፤ መሪውም በዚያው ልክ ይዞራል። በፊት አይታወቅም ነበር። ወንድሟ ከፍ ካደረገው በኋላ ግን ዘንጉ ዳገት ሆነ፤ ዳገት ሲሆን ይጎላል።»

«ስለዚህ ሲጫን መሪው ቀጥ ይላል፣ ባዶውን ሲሆን ጠማማ ይሆናል።»

«ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ። ጉዳት የለውም፤ ለዐይን ብቻ ነው። ‹ዕቃውን ስታወርጂ መሪው ይዞራል፣ አትደንግጪ› ብያታለሁ። ሳቀች። ‹ጋሼ፣ እኔ ባዶዬን ሄጄ አላውቅም› አለችኝ።» ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «እንደ ልጄ ነበረች።»

ዐርብ ማለዳ ኢንስፔክተሯ ኮረብታው ላይ ወጣች። የወተቷ ሴት ባልዲ እያጠበች ነበር። ሰኞ ዕለት ቃሏን ሰጥታለች፦ ሐኪሟ ማለዳ መጣች፣ ጡቷ ያበጠ ላም መርፌ ወጋች፣ ሄደች፤ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ተሰማ። ሁሉም ተጽፏል። ያልተጠየቀች አንድ ነገር ግን ነበር።

«እህቴ፣ ከመሄዷ በፊት ያለችው የመጨረሻ ቃል ምን ነበር?»

ሴትየዋ ባልዲውን አስቀመጠች። «ስለ ላሟ ነው የተናገረችው። ማታም እንዳልባት፣ ወተቱን ለሰው እንዳልሰጥ።»

«ስለ መኪናውስ?»

«ስለ መኪናው... አዎ፣ መኪናው ውስጥ ገብታ መሪውን እያየች ትስቅ ነበር። ‹ጋሽ ቀጤ ቅዳሜ ቀጥ አድርጎልኝ፣ ዛሬ ደግሞ ጭኜው ወደ ቀኝ ዞሯል። ከሥራ መልስ ሄጄ ልጨቀጭቀው ነው› አለች። ይህ ለፖሊስ የሚረባ ነገር አልመሰለኝም። ይረባል እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ አጥሩን ተደግፋ ቁልቁለቱን አየች።

«ይረባል» አለች። «እግዜር ይስጥሽ።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ሳጅኑ ሞተሩን ሳያስነሣ ጠበቃት። ፊቷን ያውቀዋል።

«ሽማግሌው ሲጫን ቀጥ እንዲል ነው የሠሩት» አለች ቀስ ብላ። «እሷ ደግሞ ጭና ሳለ ወደ ቀኝ ዞሯል ብላለች። ታዲያ መቼ ቢስተካከል ነው ሲጫን ወደ ቀኝ የሚዞረው?»

ሳጅኑ በጣቱ አየሩ ላይ መሪ አዞረ። «ባዶውን... ባዶውን ሳለ ወደ ግራ ያዘነበለውን አንድ ሰው ቀጥ ካደረገው።»

«አዎ። ሁለት ቀን ሙሉ ቡሎን የፈታ ጠላት ስንፈልግ ከረምን። ጠላት ይፈታል እንጂ መሪ አያቃናም። መሪው ቢጣመም ጠላት ምን ቸገረው? ይህ ሰው የፈታው ሊያቃናላት ብሎ ነው።» ድምፏ ደከመ። «የሚወዳት ሰው ነው።»

የብየዳ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። ወንድምየው ሥራ አልያዘም፤ ግማሽ የተበየደ መስኮት ፊት ለፊት ዝቅ ያለች ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯን ሲያይ አልተነሣም፣ አልደነገጠምም። ከአጠገቡ ከነበረው የዕቃ ሣጥን ውስጥ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ አንሥቶ ሰጣት።

«ይህን ነው የሚፈልጉት» አለ።

እሷም ሌላ ሣጥን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሳጅኑን በዐይኗ ወደ ውጭ ሰደደችው።

«ንገረኝ።»

«እሑድ ዕቃውን አብረን አወረድን። ሌሊቱን እዚያው የጎረቤት ላም ስታዋልድ አድራ ነበር፣ ደክሟት ገብታ ተኛች። ነዳጅ ልሞላላት ባዶውን መኪና ይዤ ሰፈሩን አንድ ዞርኩ። መሪው ጠማማ ነው። እንዴት እንደተናደድኩ! ያ ሽማግሌ አበላሽቶባታል አልኩ። ከእንቅልፏ ስትነሣ ቀጥ ብሎ ታገኘዋለች ብዬ ከሥሩ ገባሁ። ፈታሁት፣ አዞርኩት፣ እየነዳሁ አየሁት፣ ተመልሼ ደግሞ ገባሁ። ቀጥ አለ። አንዱን ፋሼታ ማጥበቅ ጀመርኩ...»

መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ከዚያስ?»

«እናቴ ምሳ ቀረበ ብላ ጠራችኝ። መጣሁ አልኳት። ‹ይቀዘቅዛል፣ አሁኑኑ!› አለች። ወጣሁ። እጄን ታጠብኩ። እህቴም ተነሥታ ነበር፣ ሦስታችንም በላን፣ ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ወዲያ ቡሎኑ ጨርሶ ከሐሳቤ ወጣ። እስከ ረቡዕ ድረስ ትዝ አላለኝም፤ በሞቴ ነው የምልዎት። ያ ሰውዬ ሪፖርቱን ሲያነብ ነው... እዚያው ወንበር ላይ።»

«ከረቡዕ ወዲህ ታውቅ ነበር። ሽማግሌው ግን ታስረዋል።»

«አውቃለሁ።» ፊቱን ቀና አደረገ። «እስር ፈርቼ አይደለም። እኔ እታሰራለሁ፣ ይገባኛል። ግን ከተናገርኩ ለምን ሳታጠብቅ ወጣህ ይሉኛል። ምን ልበል? እናቴ አንድ ልጅ ቀብራለች። የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ‹አሁኑኑ› ያልኩት እኔ ነኝ ስትል ልትኖር ነው? በቀሪ ዕድሜዋ ሁሉ ምሳ በቀረበ ቁጥር?»

ኢንስፔክተሯን በሥራዋ ብዙ ሰው ዋሽቷታል፤ ራሱን ሊያድን፣ ገንዘቡን ሊያድን፣ ሚስቱን ሊደብቅ። እናቱን ከአንድ ምሳ ጥሪ ሊያድን ብሎ ሌላ ሰው አሳስሮ የተቀመጠ ግን አላጋጠማትም ነበር። ተናደደችበት፤ አዘነችለትም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሷም አልታወቃትም።

«ስማኝ» አለች። «እናትህን ከሐዘን ልታድን ብለህ የሰው ሽማግሌ ሐዘን ላይ ጥለሃል። እሳቸው ምን በደሉህ?»

«ምንም» አለ። «ምንም አልበደሉኝም።»

ብዕሯን አወጣች። ቃሉን እየደጋገመ ሲነግራት፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ጻፈች፤ ዕቃው መውረዱን፣ መሪው መጣመሙን፣ ቁልፉን፣ ሁለቱን ፋሼታዎች። የምሳው ጥሪ ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ልጁ እጆቿን ያይ ነበር። ከዚያ ጻፈች፦ «ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ቤት ገባ፤ ሳያጠብቀው መቅረቱንም ረሳ።» አነበበችለት። ከተጻፈው ውስጥ ሐሰት የለበትም። ፈረመ።

ዐርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕጉ የቀረበው መዝገብ ሌላ ስም ነበረበት።

ጋሽ ቀጤን ሊያስወጡ ሲሄዱ፣ ልጁን ደግሞ ሊያስገቡ ስለነበር፣ ሁለቱ በማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሳጅኑ ጠብ እንዳይነሣ መሃል ገብቶ ቆመ። ሽማግሌው ነገሩን ሁሉ ከኢንስፔክተሯ ሰምተዋል። ልጁ መሬት መሬቱን እያየ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለ።

ሽማግሌው ይቅር ብያለሁም፣ አልልምም አላሉም።

«ቱቦውን ስንት አዞርከው?» አሉ።

«እ?»

«ቱቦውን ነዋ። ስንት አዞርከው?»

«አንድ ዙር ተኩል።»

ጋሽ ቀጤ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው አየር ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። «አንድ ዙር ተኩል» አሉ። «ለባዶ መኪና ልኩ እሱ ነው። ያለ ክር፣ ያለ ማስመሪያ፣ በዐይንህ ብቻ። እኔ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።» «ለእሷ ነገርኳት። ከፍ ያደረገው አንተ መሆንህን እያወቅኩ ለአንተ አልነገርኩህም። ሄጄ ልነግርህ ይገባ ነበር።»

ልጁ ይህን አልጠበቀም። ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። እህቱ ከሞተች ወዲህ ጮኾ ነበር እንጂ አላለቀሰም፤ አሁን ግን ግድግዳውን ተደግፎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ጋሽ ቀጤ፣ ይውጡ፤ ነፃ ነዎት» አለ ሳጅኑ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ።

ሽማግሌው በሩን አዩት። ከዚያ ተመልሰው ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ።